መሪጌታን ለማሳከም ጎንደር የወረድንበት ጉዞ

ከጎንደር ከተመለስን ወዲህ ደጄን ያልረገጠ ጎረቤት የለም። አንዱ «ምን አደረጉት?» ይላል፤ ሌላው «መርፌ ነው ክኒን?» ይላል፤ አንዷ ደግሞ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቃ «የእኔም ልጅ እንዲሁ ነው የሚያደርገው» ትለኛለች። ለሁሉም ስነግር ጉሮሮዬ ደረቀ። እንግዲህ ልጽፈው። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከእርሻ መልስ ነው። ጽሕፈቴ እንደ በሬ አካሄድ ቀስ ያለ ነውና አንባቢዬም አብሮኝ ቀስ ይበል።

ስሜ አዛናው ነው። ከዳባት ከተማ ሽቅብ ካሉት ሰፈሮች ባንዱ ገብስና ባቄላ አራሽ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ግን ከልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተሰጥቶ መሪጌታ ሆነ፤ መሪጌታ ስመኘው ይሉታል። አቋቋም አዋቂ ነው። በማኅሌት መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው፣ መቋሚያቸውን እያነሡ እያወረዱ ሲያዜሙ፣ መሪው እሱ ነው። እሱ ዘንበል ሲል ረድፉ ሁሉ ነፋስ እንደነካው ገብስ አብሮት ዘንበል ይላል።

ባለፈው ክረምት ይህ ሰው ዝም አለ። ልጅ አልሞተበትም፣ ቤት አልተቃጠለበትም፣ ከሰውም አልተጣላም። እንዲያው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እህል አስጠላው። ወፍ ሳይንጫጫ ይነቃና ጣራ ጣራ ያያል። መቋሚያው ከበሩ ኋላ ሸረሪት አደራበት። «አያ፣ ድምፄ ሞቷል፤ የቀረው ሬሳዬ ነው» አለኝ አንድ ቀን። ጠበል ወሰድነው። የሰበካችን ቄስም ደግ ሰው ናቸው፣ «ይጠመቅ፤ ሐኪምም ይየው፤ ሁለቱንም የሰጠ አንድ ነው» አሉ። ባለቤቱ ዘርፌ ግን እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም፤ «አያ፣ ውሰድልኝ! ሰውየው ቆሞ እያየሁት እየሄደብኝ ነው» አለችኝ። ገብሱ መንጣት ጀምሯል፤ ጊዜው ከቤት የሚወጡበት አልነበረም። ጎረቤቶቼ «አንተ ሂድ፣ ገብስህን በደቦ እናጭድልሃለን» አሉኝ። መንገዱ ሰላም መሆኑ በተሰማ ሰሞን ተነሣን።

የመጀመሪያው ቀን

እስከ ዳባት በእግር ነው። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። በእኛ አገር ታናሽ ከታላቁ ኋላ መሄዱ ወግ ነው፤ የእሱ ግን ወግ አልነበረም፤ እግሩን እየጎተተ ነው። ራሱን አቀርቅሮ፣ እጁን ጋቢው ውስጥ ቀብሮ፣ ጥላ ይመስል ይከተለኛል። መለስ ብዬ ሳይ ዘርፌ ከጉብታው ላይ ቆማለች። ኩርባውን እስክንዞር አልገባችም።

ዳባት ላይ ቅጥቅጥ አውቶቡስ አገኘን። ለምናርፍባት ዘመዳችን አንድ ትልቅ ፌስታል ሙሉ ቅቤ ይዤ ነበር። እኛ ዘንድ ቅቤ ማለት እንደ ድንጋይ ያለ ነገር ነው፤ በጠዋት በቢላዋ ካልሆነ አይቆረጥም። እሱን አምኜ ከራሳችን በላይ ካለው የዕቃ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁት። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ፀሐዩ በመስኮት ገባ፤ አገሩ ሞቀ። ከፊታችን ጸጉሩን አሳምሮ የተስተካከለ ጎረምሳ ተቀምጧል። ድንገት እጁን ወደ አናቱ ሰደደ፤ አሸተተው፤ ዞረና አየኝ።

«አያ፣ ምነው? ሙሽራ ነኝ እንዴ የምትቀባኝ?»

አውቶቡሱ በሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ። እኔ በነጠላዬ ጫፍ ልጠርግለት ብነሣ ጭራሽ አዳረስሁት፤ እስከ ጆሮው ወረደ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ዝም በል አንተ! የደጋ ቅቤ ነው። ይህን የመሰለ ለጋ ቅቤ ሰው ለምኖም አያገኝ!» አለችው። ልጁም ሸጋ ልጅ ነበር፤ ሳቀና «በሉ እናቴ ደግሞ ትሠራኛለች ሹሩባውን» አለ።

እኔ ወንድሜን አየሁ። ሰው ሁሉ እንባው እስኪፈስ ሲስቅ እሱ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ከንፈሩ እንኳ አልተነቃነቀም። ከቅቤው ይልቅ ያ አንገበገበኝ።

ወለቃ ላይ ሴቶቹ የሸክላ ሥራቸውን ከመንገድ ዳር ደርድረው አየሁ። እሱን ለማጫወት «ያችን ማሰሮ ተመልከት» አልሁት። «እ» አለ፤ አላየም። ጎንደር መናኸሪያው ላይ ስንወርድ ጩኸቱ፣ ባጃጁ፣ ግፊያው አዞረኝ። እኛ አገር በዓመት የሚሰማው ጥሩንባ እዚያ በአንድ ትንፋሽ ይሰማል። የወንድሜን እጅ እንደ ሕፃን ይዤ ተሻገርሁ።

ያረፍነው እናኑ ቤት ነው። የአክስታችን ልጅ ናት፤ ባሏ የሰፈሩ ደብር ካህን ነበሩ፣ ዐርፈዋል። ቅቤው ከግማሽ በታች ሆኖ፣ ፌስታሉም ዘይት የጠጣ መስሎ ስሰጣት፣ «አያ አዛናው፣ መንገዱን ሁሉ ቀብተኸው መጣህ!» ብላ ሳቀችብኝ። ወዲያው ውሃ አሙቃ የወንድሜን እግር ልታጥብ ተንበረከከች። «መሪጌታ፣ እግርዎን ይስጡኝ» አለችው። ሰጣት። ስታጥበው ግን ቁልቁል አላያትም። ራት የጤፍ እንጀራ ነው፣ እንደ ነጠላ የሳሳ። እኛ የገብስ እንጀራ ለምደን አፋችን ላይ ሳናኝከው ጠፋ። አልጋው ላይ ያነጠፈችልኝ ስፖንጅ ደግሞ ዋጠኝ፤ ወርጄ መሬት ላይ ተኛሁ። ጠዋት አይታኝ፣ «አያ፣ አልጋው ምን በደለህ?» አለችኝ።

ሁለተኛው ቀን

ሐኪም ፊት ልንቀርብ ነውና እንደ ታላቅነቴ ወንድሜን አዘጋጀሁት። ጋቢውን እናኑ አጥባ አድርቃዋለች። «ትልቅ ሰው ፊት ነው የምትቀርበው» አልሁት፤ «ጋቢህን እስከ አፍንጫህ ሳብ። ዐይንህን አታንሣ። እጅህን አታወራጭ። ‹እንዴት ነህ› ስትባል ‹እግዚአብሔር ይመስገን› በል። የቀረውን እኔ እመልሳለሁ።» እኛ አገር ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚቀርበው፤ ዳኛ ፊትም ቢሆን።

ሐኪም ቤቱ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ያየሁት አስገረመኝ። የዚህ ሕመም ሰው ሁሉ ልብሱን የጣለ፣ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ወረፋ የያዘው ግን አስተማሪ ነው፣ ነጋዴ ነው፣ ልጇን ያዘለች እናት ናት። እንደ እኛው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ከጠዳ ልጃቸውን ይዘው የመጡ ናቸው፤ ቆሎ አካፈሉኝ። «አይዞህ፣ ይችን ልጅ ወድጃታለሁ፤ አትቸኩልም» አሉኝ ስለ ሐኪሟ።

ዶክተር ራሔል ትባላለች። ልጄ ልትሆን የምትችል ናት። ብድግ ብላ እጃችንን ይዛ አስቀመጠችን።

«መሪጌታ፣ እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«ወፍ ሳይንጫጫ ይነቃል» አልሁ እኔ።

«ምግብስ?»

«አንድ ሁለት ጉርሻ፤ ከዚያ ይገፋል» አልሁ።

ስትጠይቅ እኔ ስመልስ፣ ስትጠይቅ እኔ ስመልስ፣ ቆየን። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረችና ፈገግ አለች። «አባቴ፣ ስለ ወንድምዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ግን እዚያ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጡልኝ። እኔ እስክጠራዎ አንድ ቃል አይውጣዎ።» ሄጄ ተቀመጥሁ። እሷም ወንበሯን ከጠረጴዛው ወዲህ አምጥታ ከፊቱ ተቀመጠች። «መሪጌታ፣ ጋቢዎን ትንሽ ዝቅ ያደርጉልኛል? ፊትዎን ልየው።»

እኔን አየኝ። ግራ ገባኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት። ዝቅ አደረገው። ከክረምት ወዲህ የወንድሜን ፊት በብርሃን ያየሁት ያን ለታ ይመስለኛል፤ ከስቷል።

ስለ ብዙ ነገር ጠየቀችው። አንድ አንድ ቃል ይጥላል። እሷ ስትሰማ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እኛ እንደምናደርገው ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «እ» ትላለች፣ ጠጋ ትላለች። እሱ ድንጋይ ነው። እኔ ከመስኮቱ ሥር ልቤ እየወረደ ሄደ። ‹ይህ ሰው አልቆልኛል፤ ለዘርፌ ምን ልላት ነው?› እያልሁ ነበር።

ከዚያ እንዲህ አለችው፤ «እኔ የደንቢያ፣ የኮላ ድባ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ማኅሌት ሲቆም አይ ነበር። እስከ ዛሬ ያልገባኝ ነገር አለ። ሁለቱ ረድፍ ሳይነጋገር እንዴት እኩል ዘንበል ይላል?»

እኔ አላስችል ብሎኝ አፌን ልከፍት ስል፣ ሳታየኝ መዳፏን ወደ እኔ አነሣች። ዋጥሁት።

«ይተያያላ» አለ ወንድሜ።

«ይተያያል?»

«ዐይን ለዐይን። የወዲያኛው ትከሻ ሊወርድ ሲል የወዲህኛው ያውቀዋል። አፍ ምን ያደርጋል?»

ይህን ሲል ቀኝ እጁ ከጋቢው ወጣ። የሌለውን መቋሚያ ጨበጠ። ቀስ ብሎ ዘንበል አደረገው። የእሷም ትከሻ አብሮ ዘንበል አለ። «እ» አለች ትንፋሿን ስባ። «እ» አለ እሱም። ራሷን ነቀነቀች፤ ነቀነቀ። ዐይኑን አንሥቶ ያያት ያኔ ነው። ብዙ አልቆየም፤ እጁ ተመልሶ ገባ፣ ራሱም አቀረቀረ። ግን አየሁት። በሁለት ዐይኔ አየሁት!

ኋላ እኔን ለብቻዬ አነጋገረችኝ። «አባቴ፣ እንዲህ ሸፋፍነው ያመጧቸው ማን መክሮዎት ነው?»

«እኔው ነኝ። ለክብርሽ ብዬ።»

ሳቀች። «የማነበውን መጽሐፍ ጠቅልለው አመጡልኝ እኮ! የዚህ ሕመም ሰው አፉ ብዙ አይናገርም። በእኛ አገር ደግሞ አፍ ጨዋ ነው፣ ሞት እግርጌው ቢቀመጥም ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ይላል። ስለዚህ እኔ ዐይኑን፣ እጁን፣ አንገቱን ነው የማየው።»

«እና ምን አየሽ?»

«መጀመሪያ እኔ ስነቀንቅ እሳቸው ዝም ነበሩ። ኋላ ገላቸው ለእኔ መልስ መስጠት ጀመረ። ይህን ያጠኑ ሰዎች አሉ። እየተነጋገረ ሲሄድ ገላው ከፊት ለፊቱ ሰው ጋር እየተስማማ የሚመጣ በሽተኛ፣ መድኃኒቱ ሳይበጀው አይቀርም ይላሉ። ምልክት ነው እንጂ ማኅተም አይደለም፤ ያልታየበትም ይድናል፣ የታየበትም ይዘገያል። እኔ ግን ዛሬ ያየሁትን ወድጄዋለሁ።»

ክኒኑን ሰጠችን። አስጠነቀቀችኝም፤ ሳምንታት ካልሆነ ጉልበቱ አይታይም፣ መጀመሪያ ሆድ ያውካል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሳልነግራችሁ እንዳታቋርጡ አለችን። በየሳምንቱ ላየው ስላለች እናኑ ቤት ሰነበትን።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ቀናት

እነዚህን ቀናት አንድ ባንድ ብጽፍ አንባቢ ይተኛል። የመጀመሪያው ሳምንት ክፉ ነበር። ሆዱን ታወከ፣ አፉ ደረቀ፣ ፊቱን ወደ እናኑ ግድግዳ አዞረ። እኔ ሐሳቤ ገብሴ ላይ ነው፤ ልቤ ከሁለት ተከፈለ። አንድ ጠዋት ጓዜን መጠቅለል ጀመርሁ።

«ወዴት ነው አያ?» አለች እናኑ።

«አገራችን እንግባ። አልሆነም።»

«ዘር ዘርተህ በማግስቱ ቆፍረህ ታየዋለህ?»

«አላይም።»

«በል ጓዝህን ፍታ!»

ፈታሁ።

እኔም ሥራ ፈትቼ አልተቀመጥሁም። ዶክተሯ ምን እንደምታይ ስላወቅሁ እኔም ማየት ጀመርሁ። አፉን ተውሁት። እናኑ ስለ ሰፈሯ ሰዎች ስታወራ እጁን አያለሁ፣ አንገቱን አያለሁ። አንድ ቀን ስለ ጎረቤቷ ዶሮ ታወራለች። ዶሮዋ በየቀኑ እናኑ ጓሮ እንቁላል ትጥልና ጎረቤቷ መጥታ እናኑን ትጣላታለች። «ምን ላድርግ? ዶሮዋን ልከሳት?» ስትል፣ ከወንድሜ በኩል «እ» የሚል ትንፋሽ ሰማሁ። ወደ ውስጥ የተሳበ። እናኑም ሰምታለች፤ ዐይን ለዐይን ተያየን፤ አልተናገርንም። ጨረቃ እንደወጣላት መንገደኛ ደስ ብሎኝ ዋልሁ። ከዚያ ወዲያ፣ ሳይጎተጎት እጁን ወደ ገበታ ሰደደ። ከዚያ፣ ወፍ ከተንጫጫ በኋላ ነቃ። ከዚያ አንድ ቀን ከአልጋ ወርጄ መሬት ላይ ተኝቼ አገኘኝና፣ «አያ፣ ዛሬም አልተስማማችሁም?» አለኝ።

የንግሡ ቀን

የሰፈሩ ደብር የሚካኤል ንግሥ ደረሰ። ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶታል። ጎንደር የአቋቋም አገር ናት፤ የእኛን የገጠሩን ማኅሌት ከዚያ ጋር ማወዳደር ምንጭን ከጣና ማወዳደር ነው። ወንድሜ መጥቷል፣ ግን ከኋላ ከዛፍ ተጠግቶ። የእናኑን ባል መቋሚያ ይዟል፤ እሷ ነች «ለመደገፊያ» ብላ የሰጠችው። ተንኮለኛ ናት።

መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ቆሙ። ከወዲህኛው ረድፍ አንድ ቦታ ክፍት ነበር። የደብሩ መሪጌታ ሽማግሌ ናቸው፤ ዐይናቸው ከወንድሜ ላይ ዐረፈ። ማን ነግሯቸው እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት እናኑ፣ ምናልባትም መቋሚያ አያያዙ። አልጠሩትም። በአገጫቸው ብቻ ክፍቱን ቦታ አመለከቱት።

ወንድሜ አልተነቃነቀም። አገጫቸውን ደገሙት።

ሄደ! ገባ! ጸናጽሉ ተሰማ፤ ከበሮው ተመታ። የወዲያኛው ረድፍ ትከሻ ሊወርድ ሲል የወንድሜ መቋሚያ አብሮ ወረደ። ተነሣ፤ አብሮ ተነሣ። መጀመሪያ በፍርሃት ነበር፤ ቀጥሎ ፊቱ ተፈታ፣ አንገቱ ቀና አለ፣ ያ ሞቷል ያለው ድምፅ ከደረቱ ወጣ። ሰፈሩ ለታቦቱ እልል ይላል፤ እናኑ ግን ለማን እልል እንደምትል እኔ አውቃለሁ። እኔም ሽማግሌ ሰው፣ እንደ ልጃገረድ እልል አልሁ። የሳቀብኝ ይሳቅ!

የመመለሻው ሰሞን

ዶክተሯን ልንሰናበት ገባን። ያለ ምክር ነው የወሰድሁት።

«መሪጌታ፣ እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ቃሉ ያው ነው። ግን ጋቢው ትከሻው ላይ ነው፣ ዐይኑ ዐይኗ ላይ ነው፣ ሁለቱም እጆቹ ተዘርግተዋል። ከወንበሯ ተነሥታ እጁን ሳመችው። ክኒኑን ግን ደህና ነኝ ብሎ እንዳይተው፣ ገና ብዙ ወር እንደሚውጠው፣ በቀጠሮው እንዲመለስ አጥብቃ ነገረችን። «ጎርፉ ሲጎድል ድልድዩን አያፈርሱም» አለችው። «የደንቢያ ሰው ስለ ጎርፍ ያውቃል» ብሎ መለሰላት።

እናኑ ለመንገድ ዳቦ ጋገረችልን። አውቶቡሱ ወለቃን አልፎ ሽቅብ መውጣት እንደ ጀመረ ወንድሜ ትከሻው ተርገፈገፈ። ደነገጥሁ፤ የሚያለቅስ መሰለኝ። ዞር ስል ይስቃል! አፉን በእጁ ይዞ፣ እንባው እየወረደ ይስቃል።

«ምነው? ምን ሆንህ?»

«ልጁ... አያ... በነጠላህ ልትጠርግለት ብለህ እስከ ጆሮው!»

አይቶ ነበር ለካ። ያን ለታ ሰምቶ፣ አይቶ፣ መሳቂያው ብቻ ነበር የጠፋበት። ስቆ ስቆ እስከ አምባ ጊዮርጊስ አልበቃውም፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሰው ሁሉ የማያውቀውን ሳቅ አብሮን ሳቀ።

ከዳባት ወዲያ በእግር ነው። አሁን እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንሁ። ወጉ ፈረሰ። «አያ፣ ፍጠን እንጂ!» እያለ እየቆመ ይጠብቀኛል። ገብሴ ታጭዶ ተከምሮ ከሩቅ አየሁት፤ ጎረቤት አይጥፋ። ዘርፌ አውድማው ላይ ናት፤ ገና ድምፅ ከማይደርስበት ርቀት ላይ ነን። ቀና አለች። እጇን ከግንባሯ በላይ አድርጋ አየች። ሰፌዱን ጣለችና እልልታዋን ለቀቀችው፤ ተራራው መለሰላት።

ስንደርስ፣ «ምነው ዘርፌ፣ መዳኑን ሳትጠይቂን እልል አልሽ?» አልኋት።

«ምን እጠይቃለሁ አያ?» አለችኝ፣ እጁን ይዛ፤ «አረማመዱን እያየሁት!»